አገር ስጠኝ፣ አቶ አውቃለሁ

ረምላ አብዱሰላም ጠዋት ሣጥኗ ውስጥ ገብታ የመስታወቱን በር ገና ከመዝጋቷ አቶ አውቃለሁ፣ "ዛሬ እንዴት አምሮብሻል!" አላት። በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ። ፀጉሯን አላበጠረችም፣ ሸሚዟ ላይ የትናንት የባጊያ ዘይት አለ፣ እሱ ግን አምሮብሻል ነው። ለጓደኛዋ ለሒክማም አምሮብሻል፣ አፍንጫውን ሲጎረጉር ለሚውለው ለፉአድም አምሮብሃል። በቀደም የጽዳት ሠራተኛዋ ሣጥኑን ልትወለውል ስትገባ እሷንም አምሮብሻል ብሏታል። እሷ ወጥታ መወልወያው ብቻውን ቢቀር መወልወያውንም ይለው ነበር፣ ወላሂ!

አቶ አውቃለሁ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ማሽን። ሌላ ረጅም ስም አለው፣ ግን ድሬዳዋ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራው ልጅ የለም። የፈለጋችሁትን ጠይቁት፣ ያውቃል። አይደክመውም፣ አይቆጣም፣ አያዛጋም፣ "ቆይ እስቲ ላስብ" ብሎ አያውቅም። ደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የነረምላ ትምህርት ቤት ኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር የመስታወት ሣጥን ነው፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ሣጥን፣ ፊት ወደ ግድግዳ። ከውጭ ስታዩዋቸው የዓሣ ገንዳ በሉት፤ አፍ ይከፈታል፣ አፍ ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። ማታ ውጤት ይመጣል። ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም ዘጠና ስምንት። ሰነፍ የሚባል ተማሪ ከከተማው ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

ከሣጥኑ ሲወጡ ግን እንግሊዝኛው እዚያው ይቀራል። ምን ሊያደርግ ይከተላቸዋል? ሁሉም ጆሮ ላይ ጉትቻ አለ፤ ሕፃን ሲወለድ ከክትባቱ ጋር ነው የሚሰካለት፤ ዓለም የሚያወራውን ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ያንቆረቁርላችኋል። አንድ ቀን አንድ ቱሪስት የጉትቻው ባትሪ አልቆበት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ፉአድን አስቁሞ "የድሮው ባቡር ጣቢያ በየት ነው?" አለው። ፉአድ፣ ዘጠና ስምንቱ ፉአድ፣ ጆሮውን ይዞ ቆመ። ቱሪስቱም ቆመ። እንደዚህ ተያይተው ተያይተው ሰውዬው ሾፌር የሌለው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ሄደ። የት እንደወሰደው እንጃ።

ልቦለዱስ! እንግሊዝኛ ላይ ልቦለድ ይነበባል አይደል፤ አቶ አውቃለሁ ለእያንዳንዱ የራሱን ይጽፍለታል። የረምላ ልቦለድ ውስጥ ጀግናዋ ረምላ ናት፣ ድሬዳዋ ነው የምትኖረው፣ ታሸንፋለች። የሒክማ ልቦለድ ውስጥ ጀግናዋ ሒክማ ናት፣ እሷም ታሸንፋለች።

"ያቺ አክስቷ ስትሞትስ አላለቀስሽም?" አለቻት ረምላ አንዴ በእረፍት።

"የማን አክስት? የኔ ልቦለድ ላይ ማንም አይሞትም።"

አለቀ። ወሬው እዚያው ሞተ። አክስቲቱን ተከተላት በሉት።

ግን ክፍል ዘጠኝ አለ። ኧረ ክፍል ዘጠኝ! ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ አንድም ሣጥን የሌለበት። ከትምህርት በኋላ የፈለገ ይገባል። በሩ ላይ አንድ የላስቲክ ሳፋ አለ፤ ጉትቻችሁን አውልቃችሁ እዚያ ጥላችሁ ነው የምትገቡት። ውስጥ ቲቸር ሶሊያና አሉ። ሰው ስልክ በኪሱ ይዞ ይዞር በነበረበት ዘመን የተወለዱ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሶ አልፏል፣ አልሰማሁም ብለው ያስተምራሉ። ለሁሉም የሚያድሉት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፣ ወረቀት፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ስለ አንዲት የመርከበኛ ሚስት። ባሏ ባሕር በልቶት ሲቀር ጀልባውን ታቃጥለዋለች። ማቃጠል ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? ሁሉም አንድ መጽሐፍ ስላነበበ ይጣላል! በእንግሊዝኛ! ቃሉ ይሰበራል፣ ግሱ ይገለበጣል፣ ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ቲቸር መሀል ገብተው፣ "ኧረ ቀስ፣ እኔ ልሙት፣ ጀልባዋኮ የናንተ አይደለችም!" ይላሉ።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከጣሪያው መሀል ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ ተንጠልጥሏል፤ ሲዞር ያየው የለም። የነረምላ ታላላቆችም አላዩትም። ቲቸር በየወሩ ድሩን በመጥረጊያ ያወርዱለታል፣ ያው እንደ ትልቅ ሰው ይከበራል።

ዓርብ ዓርብ እንቆቅልሽ ነው። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ!" የሚለው በአማርኛ፣ ከዚያ እንቆቅልሹ በእንግሊዝኛ፣ ሕጉ ግን የቤታችን ሕግ፦ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጠያቂዋ ያገኘችው አገር ካልጣማት አልፈልግም ትላለች፣ ሌላ ይሰጣታል፣ ከዚያ አገሩ ላይ ተንደላቅቃ ተሸናፊውን ታዋርደዋለች። ረምላ እስካሁን ሐረርን፣ ጅቡቲን፣ ግማሽ ህንድንና ቀፊራ ገበያን ወስዳለች። ማታ ተኝታ ራሱ አገሯን ስታስተዳድር ነው የምታድረው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ቲቸር ሶሊያና መጽሐፉን ሳይከፍቱ ቆሙ።

"ልጆች፣ ክፍሉን ሊወስዱብን ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍና በቋንቋ ማስተማር ላይ የሚመራመሩ ምሁራን ከየዩኒቨርሲቲው ለዓመታዊ ጉባኤ ድሬዳዋ ይመጣሉ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ኤልዳና ይባላሉ። ከሰው ጋር እያወሩ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ክፍል በአገሩ የቀረው ይሄ አንዱ ነው፤ እሱም ይዘጋና ሣጥን ይግባበት ወይስ ይቆይ፣ ጉባኤው ይወስናል። ለወጉ ያህል ከክፍል ዘጠኝ አንድ ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ከአቶ አውቃለሁ ጋር ያወራል። ዘጠና ካመጣ ክፍሉ ይቆያል። ካላመጣ ቲቸር ሶሊያናም ወደ ጡረታቸው፣ የመርከበኛዋ ሚስትም ወደ ቆሻሻ መጣያ።

"ማን ይወጣል?" አለች ሒክማ።

"ረምላ።"

ረምላ ራሷ ወደ ኋላ ዞራ ሌላ ረምላ ፈለገች።

"ስልሳ አንዷ?" ሒክማ ጮኸች። "አቦ ቲቸር፣ ከአሁኑ ቁልፉን ያስረክቡዋ!"

"ዝም በይ አንቺ ዘጠና ስምንት!" አለቻት ረምላ። ክፍል ዘጠኝ ውስጥ ይሄ ስድብ ነው።

ግን ሒክማ እውነቷን ነው። ከትምህርት ቤቱ በሙሉ ሣጥን ውስጥ ስልሳ አንድ የምታመጣው ረምላ ብቻ ናት። ለማሰብ ዝም ስትል ይቀንስባታል፤ "ለምን?" ስትል ይቀንስባታል፤ አንዴማ አቶ አውቃለሁ አምሮብሻል ሲላት "ዋሽተሃል" ብላው በአንድ ጊዜ ሰባት ቀነሰባት።

ሌሎቹ ሲወጡ ቀርታ፣ "ቲቸር በናትዎ፣ እኔን ለምን?" አለች።

"አንቺ ትጣያለሻ።"

"ታዲያ ማሽኑ መጣላት አይወድም!"

"እሱን አውቃለሁ" አሉ ቲቸር፣ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ክፍሉን ካጣን ግን ተጣልተን እንጣው።"

ኧረ ይሄ ማጽናኛ ነው?

የጉባኤው አዳራሽ ከዚራ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት፣ ወንበሩ የሚያሰምጥ። ረምላ፣ ሒክማና ቲቸር ከኋላ ተቀመጡ። ምሁራኑ ጥናታቸውን ያቀርባሉ። አንዱ ይወጣና በአማርኛ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛ ጉባኤ ስለሆነ ጉትቻው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይረዋል፤ የአድማጩ ጉትቻ ተቀብሎ መልሶ ወደ አማርኛ ይቀይርለታል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። "የሣጥን ተማሪዎች ከሣጥን ውጭ ያላቸው የደስታ መጠን" የሚል ጥናት ነበረ። "ማሽን የጻፈውን ድርሰት ለማሽን ስለ ማሳረም" የሚልም ነበረ። የመጨረሻው አቅራቢ ሲናገር ሁለት አድማጮች ፊት ወንበር ላይ አንቀላፉ፣ ጉትቻቸው ግን በየተራ አጨበጨበላቸው። እውነት! ማጨብጨብም ይችላል።

ከዚያ ውድድሩ ደረሰ። "ውጤቱ እንዳይበረዝ ሁላችሁም ጉትቻችሁን አጥፉ" አሉ ዶክተር ኤልዳና። ቀጭን፣ ግራጫ ሱፍ የለበሱ፣ ሲስቁ ማንም ያላያቸው ሴትዮ ናቸው። አዳራሹ ጉትቻውን አጠፋ። ኡኡ፣ ፊታቸውን ብታዩት! ሰው ፊት ጫማቸውን ያወለቁ ነበር የሚመስሉት።

መጀመሪያ የሣጥኖቹ ተወካይ ፉአድ ወጣ። ከአቶ አውቃለሁ ጋር ስለ አየሩ አወሩ። አየሩ ጥሩ ነው ተባባሉ። ነገም ጥሩ ይሆናል ተባባሉ። ዘጠና ስምንት። ጭብጨባ።

ረምላ ወጣች። ከኋላዋ ግድግዳው የሚያክል ሰሌዳ ላይ መቶ ተጽፏል።

"ረምላ! እንዴት አምሮብሻል!" አለ አቶ አውቃለሁ በድምፅ ማጉያው።

አመሰግናለሁ በያ! አመሰግናለሁ ማለት ነው እኮ! ረምላ አፏን ከፍታ ቲቸርን ፈለገች፤ ስታገኛቸው መቶው ዘጠና አንድ ሆኗል።

"ስለ ወደፊት ሕልምሽ ንገሪኝ።"

ሕልሟ ብዙ ነው፣ የቱን ትንገረው? ታስባለች። ሰማንያ አራት። አለቀ። ከዘጠና ከወረደ አይመለስም፣ ተዘጋ፣ ክፍል ዘጠኝ ተዘጋ! ፊት ለፊት አንዱ የራሱን ሰዓት አየ። ከኋላ ቲቸር ሶሊያና በጉባኤው ፕሮግራም ፊታቸውን ያራግባሉ፤ በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ከልማድ።

"የተጨነቅሽ ትመስያለሽ" አለ አቶ አውቃለሁ፣ ማር እንደጠጣ። "የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እኔ የማላውቀው ነገር የለም።"

የማላውቀው የለም? የለም?! አንድ ነገር ከረምላ ሆድ ተነስቶ በአፏ ወጣ፤ አላሰበችበትም፣ እንግሊዝኛም አልነበረም።

"እንቆቅልሽ!"

እና አዳራሹ፣ ያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ፣ ያ ሁሉ ፕሮፌሰር፣ አንድ ላይ፦

"ምን አውቅልሽ!"

አሉ እኮ! ሳያስቡት! እንቆቅልሽ ሲባል ዝም የሚል ያገራችን ሰው የት አለ? ዶክተር ኤልዳና ራሳቸው ማይኩን እንደያዙ ነበሩ፤ ከሁሉ በላይ የሳቸው "ምን አውቅልሽ" ነበር የጮኸው። ቶሎ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወጥቷል ግን።

ረምላ ሳቀች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ቃል እየሰበረች፣ እየጠገነች፦

"ክንፍ አለው፣ አይበርም። አናታችን ላይ ይኖራል፣ ወርዶ አያውቅም። ሲበርድ ይተኛል፣ ሲሞቅም ይተኛል። ሥራ አለው፣ ሲሠራ ያየው የለም፣ ከሥራው ያባረረውም የለም። ምንድን ነው?"

"እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው!" አለ አቶ አውቃለሁ። "መልሱ ሰጎን ነው።"

"ሰጎን አናቴ ላይ ትኖራለች?"

አዳራሹ በሳቅ ፍርፍር አለ።

"ልክ ነሽ፣ ይቅርታ! መልሱ መልአክ ነው።"

"መልአክ እንቅልፋም ነው?"

"ልክ ነሽ፣ ይቅርታ! መልሱ በእርግጠኝነት የሌሊት ወፍ ነው።"

"እሷማ ትበራለች! ድሬ መጥተህ አታውቅም እንዴ?"

ሰሌዳው ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ሰባት፣ ማን ያየዋል! ከመሀል አንድ ወፍራም ሰውዬ ብድግ ብለው በእንግሊዝኛ፣ "ሥራ አለው፣ አይሠራም፣ የሚያባርረው የለም? የኛ ዲን ነዋ!" ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናደ። ዲኑም እዚያው ነበሩ፣ "ክንፌን አሳየኝ!" አሉ፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! አንዱ የተሰበረ አውሮፕላን ነው ይላል፣ ሌላዋ የለም የግድግዳ ሥዕል ነው ትለዋለች፣ ሥዕል ምን ሥራ አለው ይላታል፣ ውበትስ ሥራ አይደለም ትለዋለች። ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ ላይ ሲመራመሩ የኖሩ ሰዎች አፍ ለአፍ በእንግሊዝኛ ሲጣሉ የመጀመሪያቸው ነው! እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ፣ ላብ በላብ። ልክ ክፍል ዘጠኝ!

ዶክተር ኤልዳናም አልቻሉም። ተነሱ። ድምፃቸው ለዓመታት ያልተከፈተ በር ይመስል ሲጢጢጥ አለ፦

"ዶሮ! ዶሮ ናት! ክንፍ አላት፣ አትበርም፣ ቆጥ ላይ ትተኛለች!"

"ዶክተር፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለችኮ" አለች ረምላ። "እሱ ሥራ አይደለም?"

ሳቁ! ዶክተር ኤልዳና ሳቁ፣ በጥርሳቸው፣ በሰው ፊት!

አቶ አውቃለሁ ግምቱን አላቋረጠም ነበር፤ ሄሊኮፕተር፣ ሐውልት፣ የቀዘፋ ጀልባ ሁሉ ብሏል። ቀስ እያለ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ አዳራሹም ዝም አለ።

"ረምላ" አለ። "አላውቅም።"

ከኋላ ቲቸር ሶሊያና ፕሮግራሙን ጣሉት።

"በቃ አገር ስጠኝ!" አለች ረምላ።

"አገር የለኝም።"

"ስጣት!" አለ ወፍራሙ ሰውዬ። "ሕግ ነው!" አሉ ዲኑ። "ስጣት! ስጣት!" አለ አዳራሹ።

አቶ አውቃለሁም፣ "እንግሊዝን ሰጠሁሽ" አለ።

ኧረ በስማም! እንግሊዝን! ሙሉውን፣ ከነዝናቡ! ሰዉ ወንበር ላይ ወጣ። ፉአድ ራሱ አፍንጫውን ትቶ አጨበጨበ። ረምላ ለአንድ አፍታ እንግሊዝን በዓይኗ አየቻት፣ አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ የሷ። ከግማሽ ህንድ ጋር ብትቀጥላትስ? ደስ ማለቷ! ግን ወዲያው ያ የተላላጠ ግድግዳ መጣባት፣ ያ ሳፋ፣ ያቺ የመርከበኛ ሚስት።

"አልፈልግም" አለች። "ይበርዳል።"

ዞረች፣ ወደ ግራጫው ሱፍ።

"ዶክተር፣ እርስዎም ምን አውቅልሽ ብለዋል። ዶሮም ብለዋል። ተሸንፈዋል። አገር ይስጡኝ።"

ዶክተር ኤልዳና እሷን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ሠላሳ ስምንት ይላል። አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ "ዶክተር፣ ነጥቡ እኮ..." አለ።

"ነጥቡን የሰጠው ማነው?" አሉ ዶክተር። "እንቆቅልሹን ያላወቀው አይደል?" ከዚያ ወደ ረምላ ዞረው በዚያው ሲጢጥ በሚል እንግሊዝኛቸው፣ "የቱን አገር ትፈልጊያለሽ?" አሏት።

"ክፍል ዘጠኝን።"

ዶክተር ኤልዳና ወደ አዳራሹ ዞሩ። "ተሸንፈናል ወይስ አልተሸነፍንም?"

"ተሸንፈናል!" አሉ። እንዲህ በደስታ ተሸንፌያለሁ ያለ ጉባኤ ታይቶም አይታወቅ!

"እንግዲያው ክፍል ዘጠኝን ሰጠሁሽ።"

ወይኔ! ወይኔ! ሒክማ መድረኩ ላይ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለቱም ሊወድቁ ነበር። "ስልሳ አንዷ! የኔ ስልሳ አንድ!" እያለች ታለቅሳለች። ረምላ ግን ገና ናት፤ አገር የወሰደ ተሸናፊውን ሳያዋርድ አይወርድም። ወገቧን ይዛ፦

"ክፍል ዘጠኝ ገብቼ፣ በሩን በርግጄ፣ እንደ ልቤ ስሳሳት፣ እንደ ልቤ ስጣላ፣ አቶ አውቃለሁን ከደጅ አስቁሜ፣ የሳፋው ጠባቂ አድርጌ ሹሜ፣ አላፊ አግዳሚውን አምሮብሃል አምሮብሻል ሲል ይዋል!"

"እልልል!" ያሉት ቲቸር ሶሊያና ናቸው።

"አምሮብሻል" አለ አቶ አውቃለሁ በድምፅ ማጉያው፣ ቀስ ብሎ። ይሄኛውን እንኳ ከልቡ ሳይሆን አይቀርም።

መልሱን ንገሪን ቢሏት አልነግርም፣ ኑና እዩ አለቻቸው። ጉባኤው በባጃጅ ተግተልትሎ ደቻቱን ተሻገረ። በር ላይ ሳፋው በፕሮፌሰር ጉትቻ ሞልቶ ፈሰሰ። ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበላቸው፤ ሱፍ ወለቀ፣ ክራባት ተፈታ። ረምላ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ሁሉም አንጋጠጡ። ማራገቢያው ሦስት ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል።

"ኧረ የት አባቱ!" አሉ ዲኑ። ወፍራሙ ሰውዬ ጠረጴዛ ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ።

ከጉባኤው አጃቢዎች አንዱ፣ ደግ ሰው ነው መቼስ፣ መሰላል ይዞ መጣ። "አንዲት ሽቦ ነች፣ አሁን እሠራላችኋለሁ" ብሎ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ፣ ረምላ፣ ሒክማ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ፉአድም ሳይቀር፣ በአንድ አፍ በእንግሊዝኛ፣ "እንዳትነካው!" ብለው ጮኹበት። መሰላሉ ላይ ደርቆ ቀረ።

"ተወው፣ ልጄ፣ ይተኛ" አሉ ቲቸር ሶሊያና፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ። "አገር ያስገኘ ነው።"

ዶክተር ኤልዳና ጫማቸውን አውልቀው ከረምላ ጎን አግዳሚው ላይ ተጠግተው ተቀመጡ። የመርከበኛዋን ሚስት መጽሐፍ አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ አወጡ፣ ልክ እንደ ተማሪ።

"የኔ ተራ ነው" አሉ። "እንቆቅልሽ!"

ክፍል ዘጠኝ ቆርቆሮው እስኪነሳ፦

"ምን አውቅልዎ!"